የስድስት ሳምንቱ ስፖርት

ወገቤን መታመም የጀመርኩት ገና በሃያ አራት ዓመቴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጠዋት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ እንደ ጎበጥኩ እስከ ማታ ታይፕ ስመታ እውላለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ የሚመታ ነገር ሞልቶ ነበር፤ መመሪያው፣ ሰርኩላሩ፣ የስብሰባ ጥሪው፣ ከሥራ የታገደው ሰው ደብዳቤ። ማታ ከአውቶቡስ ወርጄ የጉለሌን ዳገት የምወጣው በአንድ እጄ ቦርሳዬን፣ በሌላው ወገቤን ይዤ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኝና፣ «የኔን እርጅና ማን ሰጠሽ?» ትለኛለች።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እኔና እናቴ የምንኖረው እሱ ባሠራው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ሰው ሲራመድበት እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በአንድ ወገን ከጎረቤት የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። ግቢው በር አጠገብ ደግሞ አንዲት ክፍል አለች፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ሆነች። እዚያች ክፍል ውስጥ የሚኖረው አንድ የስፖርት መምህር ነበር። ኪራዩን ለቀበሌ ይክፈል እንጂ፣ እናቴ ከድሮም ጀምሮ እንደ ልጇ ስለምታየው እሁድ እሁድ ምሳ የሚበላው ከኛ ጋር ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ፊሽካው ከአንገቱ የማይወርድ ሰው ነበር።

አንድ እሁድ ከወንበር ስነሳ ጥርሴን ስነክስ አየኝ።

«ወገብሽ ነው?»

«ክኒን ሰጥተውኛል» አልኩት።

«ክኒኑ ሕመሙን ያስረሳሻል እንጂ አያድንሽም። ስድስት ሳምንት ስጪኝ» አለ፤ እናቴን ዞር ብሎ አይቶ፣ «እትዬ፣ ልጅዎን ማለዳ ማለዳ ሃያ ደቂቃ ያበድሩኝ።»

በማግስቱ ማታ አንድ ባለ ካሬ ወረቀት አመጣልኝ። እጅ ጽሑፉ እንደ ታተመ ነገር ያማረ ነበር። ወደ ታች ስድስቱ ሳምንታት፣ ወደ ጎን ቀናቱ ተሰምረዋል። ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስም ጽፎ እንዳይደክም ፊደል ሰጥቶታል፤ «ሀ» ቁጭ ብድግ፣ «ለ» በጀርባ ተኝቶ እግር ማንሳት፣ «ሐ» በሆድ ተኝቶ ደረት ማንሳት፣ «መ» ዝላይ። በየሳጥኑ ውስጥ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ከኅዳጉ ላይ ከእንጨት የተሠሩ የሚመስሉ ትንንሽ ሰዎች ሥሏል፤ አንዱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ አንዱ ወድቋል፣ አንዱ ተንበርክኳል።

«ጮክ ብለሽ ቁጠሪ» አለኝ። «ትንፋሽሽን የሚያስተካክልልሽ ቁጥሩ ነው።»

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፣ የአባቴን አሮጌ ፒጃማ ሱሪ ለበስኩ፣ ወረቀቱን በሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና ቁጭ ብድግ ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ከመኝታዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ «በስመአብ! በጤናሽ ነው?» አለች። ስቄ ወደቅሁ። በማግስቱ ጭኔ ከመታሰሩ የተነሳ የቢሮውን ደረጃ የወረድኩት ወደ ኋላ ዞሬ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ከአውቶቡስ ወርጄ ግማሹን ዳገት ወገቤን ሳልይዝ ወጣሁ። ለመምህሩ ስነግረው ፊሽካውን አንዴ ነፋልኝ።

ይህን ስናገር ደስታ የሰፈነበት ጊዜ ይመስላል። አልነበረም። ያን ጊዜ ማለዳ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ትርጉም ነበረው። ሬድዮው የሰልፍ ማርሽ ካሰማ በኋላ እርምጃ ስለተወሰደባቸው ሰዎች ያወራል። ከሠፈራችን ሁለት ቤቶች በራቸው ታሽጎ ነበር፤ በዚያ ስናልፍ ወደ ሌላ ወገን እናያለን። መኪና ከደጃችን አጠገብ ሲቆም እኔና እናቴ የጀመርነውን ንግግር አቋርጠን እንጠብቃለን፤ መኪናው ሲሄድ ከየት እንዳቆምን እንረሳለን። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያን ሃያ ደቂቃ የወደድኩት። ቁጥር ስቆጥር ሌላ ነገር አላስብም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝላዩ ገባ፤ «መ ሠላሳ» ይላል። ከአቡጀዲ የሰፋኋቸውን ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች በየእጄ ይዤ፣ እግሬን ከፍቼ ገጥሜ፣ ሠላሳ ጊዜ ወለሉ ላይ መዝለል ነው። ጣውላው ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። አንድ ዓይነት ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግድግዳ ጎረቤታችን መጡ። ሸማ ሠሪ ናቸው፤ ከጋሞ ገና በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ጉለሌ ጎልማሳ የሆኑ፣ ጋቢያቸውን ሽሮ ሜዳ ወስደው የሚሸጡ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ግቡ ብንላቸው እንቢ ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ማለዳ ማለዳ የምትሠሪው ምንድን ነው?»

«ስፖርት ነው ጋሼ። ለወገቤ።»

«ስፖርት» አሉ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። «እኔ አምንሻለሁ። ግን ከቀበሌ ጥበቃዎቹ አንዱ ትናንት ደጄ ላይ አስቁሞ ጠየቀኝ። ከዚህ አካባቢ ማለዳ የሚሰማው የወረቀት ማባዣ ነው ወይ አለኝ።»

እናቴ የያዘችውን ሰሃን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«ምን አሉት?» አልኳቸው።

«የኔ ሸማ ነው አልኩት። ሸማም ሲመታ እኮ እንደዚያው ነው።» ወደ ግቢው በር አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሰኞ ጀምሮ አንቺ ስትጀምሪ እኔም እጀምራለሁ። አንድ ላይ ይሰማል።»

ሰኞ ማለዳ እንደተናገሩት አደረጉ። «መ» ላይ ደርሼ መዝለል ስጀምር ከግድግዳው ወዲያ የሸማው ዕቃ መምታት ጀመረ። የሁለታችን ድምፅ መጀመሪያ ተጋጨ፣ ከዚያ ገጠመ።

ማቆም ነበረብኝ። ያን ዕለት ብተወው ኖሮ ብዬ ያላሰብኩበት ዓመት የለም። ለምን አልተውኩትም? ወገቤ እየዳነ ነበር። ደግሞም ምንም ጥፋት ሳይኖርብኝ በገዛ ቤቴ ለምን እደበቃለሁ የሚል እልህ ነበረብኝ። በድንገት ብተወው ራሱ ይበልጥ ያስጠረጥረኛል ብዬም አስቤያለሁ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ መምህሩን ግቢ ውስጥ ቧንቧው አጠገብ አገኘሁት። ፊቱ ከስቷል። እሁድ ምሳ ላይም አልመጣም ነበር።

«ወረቀቱ የት ነው?» አለኝ ሰላም ሳይለኝ።

«ግድግዳ ላይ ነዋ።»

«አንሺው። በቃልሽ ያዢውና አቃጥዪው።»

«ምን ነካህ? የስፖርት ወረቀት እኮ ነው።»

«የኔ እጅ ጽሑፍ ነው» አለኝ። ባልዲውን አንስቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳሁት። አላቃጠልኩትም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሳምንት ገና በቃሌ አልያዝኩትም ነበር፤ እናቴ በማትገልጠው የዳዊቷ የመጨረሻ ገጾች መሃል ከተትኩት። በሁለተኛው ቀን መምህሩ ወደ ሥራ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ሦስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን እናቴ ክፍሉን በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች። አልጋው ተነጥፏል፣ ፊሽካው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ምንም ሳትነካ ቆልፋ ወጣች።

«ፊሽካውን ትቶ የሄደበት ቀን የለም» አለችኝ።

አሰሳ የመጣብን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አምስት የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩ። ሁለቱን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው አባቴ ሲሞት ለቅሶ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ነው። አይቶኝ እንደማያውቀኝ ዞረ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የእህል ጣሳውን አራገፉ፣ ጣውላውን በጠመንጃ ሰደፍ እየመቱ ባዶውን አዳመጡ፤ በመጨረሻም ሁለት ጣውላ ነቅለው በባትሪ አዩ። ከሥሩ አፈርና የአይጥ ጎጆ ብቻ ነበር። አልጋ ሥር የአሸዋ ከረጢቶቼን አገኙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሸዋ ነው። ክብደት ነው፤ ለስፖርት።»

በሳንጃው ቀደደው። አሸዋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ በነቀሉት ቀዳዳ ወደ ታች ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ዳዊቱን አንስቶ አራገፈው። ወረቀቱ እግሩ ሥር ወደቀ።

አለቃቸው ወረቀቱን አነሳ፣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፣ አገላብጦ አየውና አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ነጠላሽን ልበሽና ውጪ» አለኝ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቃቸው ያ ድንኳን ተካይ ነው፤ እንዳያማት የተጠነቀቀ ይመስል ቀስ ብሎ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከኛ ቤት አምስት ደቂቃ አይሞላም። የተወረሰ የትልቅ ሰው ቤት ነበር፤ አዳራሽ፣ ሰፊ ግቢ፣ ከግቢው ጥግ ደግሞ ጥንት እህል የሚቀመጥበት መጋዘን አለው። ሊቀ መንበሩን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ያኔ ለእናቴ ከሰልፉ አስቀድሞ ይመዝንላት ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ ወረቀቴን ዘርግቶ ጣቱን በየሳጥኑ ያስኬዳል።

«ሥራሽ?»

«ታይፒስት።»

«የማባዣ ስቴንስል ትቆርጫለሽ?»

«በመሥሪያ ቤት እቆርጣለሁ።»

«ቤትሽስ?»

«ቤቴ የጽሕፈት መኪና የለኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሀ አሥር። ለ አሥራ አምስት። መ ሠላሳ» ብሎ አነበበ። «ሀ ማን ነው? መ የሚባለው ማን ነው? ሠላሳው ምንድን ነው፤ ወረቀት ነው፣ ሰው ነው፣ ጥይት ነው?»

ነገርኩት። ፊደሎቹ እንቅስቃሴ ናቸው፣ ቁጥሮቹ ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ነው፣ ሰዎቹ ሥዕል ናቸው አልኩ። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እሺ፤ አሳዪን» አለ።

አዳራሹ ውስጥ የጣውላ መድረክ አለ፤ የስብሰባ ጊዜ እነሱ የሚቀመጡበት። ጫማዬን አውልቄ በጉርዴ ወጣሁበት። ሰባት ወንዶች ከታች ቆመዋል። እሱ ወረቀቱን ይዞ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ቁጭ ብድግ። በጀርባዬ ተኝቼ እግር ማንሳት፤ ጉርዴን በሁለት እጄ ጉልበቴ ላይ ይዤ። ከዚያ «መ» አለ። ዘለልኩ። ሠላሳ ሲሞላ፣ «ድገሚ» አለ። ሁለተኛው ሠላሳ መሃል ላይ ከጥበቃዎቹ አንዱ ጣቱን አነሳ።

«እሱ ነው። ያ ድምፅ እሱ ነው» አለ።

ዳንኩ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጎረቤትሽ ግን የሸማዬ ድምፅ ነው ብሎናል» አለ። «አንዳችሁ ዋሽታችኋል። አንቺ እንዳልዋሸሽ አሁን በዓይናችን አይተናል።» ወደ በሩ ዞሮ አንድ ነገር በዝግታ ተናገረ፤ ሁለቱ ወጡ። የት እንደሚሄዱ ገባኝ።

«ወረቀቱን ማን ጻፈልሽ?»

የጻፍኩት እኔ ነኝ ልል እችል ነበር። እጅ ጽሑፌን ያስጽፉኛል ብዬ ፈራሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ እናቴ ውጭ በር ላይ ስታለቅስ ይሰማኛል። እውነቱ ደግሞ ንጹሕ ነገር ነው፤ ስፖርት ነው፤ ምን ይጎዳዋል ብዬ አሰብኩ።

«በር ክፍል የሚኖረው መምህር ነው» አልኩ። ስሙንም ጠራሁ።

ሊቀ መንበሩ ጻፈው። ቀና ሳይል፣ «ይገርማል» አለ። «እሱ ከናንተ ጋር ሰላምታ እንኳ የለኝም ነው ያለን። ለማንም ምንም ጽፌ አላውቅም ነው ያለን።»

ወደ ቤት የላኩኝ በዚያው ቀን ነው። ግን አንድ ነገር አዘዙኝ። የሴቶች ማኅበሩ አባላት በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ቀበሌ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ እኔ ስፖርት አሠራቸዋለሁ። «ጥሩ ፕሮግራም ነው» አለኝ ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን እየመለሰልኝ። «ለራስሽ ብቻ ለምን ታደርጊዋለሽ? ከአንደኛው ሳምንት ጀምሪ። ጮክ ብለሽ ነው የምትቆጥሪው፤ ሁሉም እንዲሰማ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸማው ድምፅ አልተሰማም።

ሰኞ ግቢው ውስጥ ወደ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ተሰለፉ። አብዛኞቹ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። መጀመሪያ ቁጭ ሲሉ የሚያፍሩም፣ የሚስቁም ነበሩ። ሳቁ የቆመው መጋዘኑን ሲያዩ ነው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመቷል፤ ከታች የእጅ መዳፍ የምታህል ክፍተት ቀርታለች። በሩ ላይ ጥበቃ ተቀምጧል። ከውጭው በር ደግሞ ለእስረኞቹ ምግብ ያመጡ ቤተሰቦች ሰሃናቸውን በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ዓይናቸውን ከቆርቆሮው አይነቅሉም። መምህሩ ሲሄድ ቀጥ የሚልበትን አኳኋን በእሳቸው ላይ አየሁት፤ ሳይነግሩኝ እናቱ መሆናቸውን አወቅኩ።

«አንድ» አልኩ። «ሁለት።»

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝላዩ ደረሰ። አርባ ሴት በደረቅ መሬት ላይ ሲዘል ብዙ ድምፅ የለውም። «ሰባት» ብዬ ትንፋሼን ስስብ በመሃሉ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ከመጋዘኑ ነው። የታፈነ፣ እንደ ከረጢት መሬት ላይ ሲቀመጥ ያለ ድምፅ። ስምንት ስል ደገመ። ዘጠኝ ስል ደገመ። በር ላይ ያለው ጥበቃ አንገቱን አነሳ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ እንዳይሰማ ማድረግ እንዳለብኝ ብቻ ነው ያወቅኩት። ድምፄ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ቆጠርኩ፤ ሴቶቹንም «አብራችሁ ቁጠሩ!» አልኳቸው። አርባው ሴት ጮኸ። ጥበቃው ተመልሶ ሲጋራውን ለኮሰ።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ጎረቤታችን ተፈቱ። ቤታቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ውስጥ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። የሸማውን መርገጫ ከዚያ በኋላ ረግጠው አያውቁም፤ ዕቃውን ሚስታቸው ለዘመድ ሰጠች። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ልለምን ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ተይው። ስሚኝ» አሉ። «አሥራ አንድ ነበርን። ሁላችንም አንድ ጊዜ መተኛት አንችልም። መምህሩም እዚያ ነው። ድምፅሽ ሲመጣ፣ ተነሱ፣ ሰዓቱ ነው ይላል። መቆም የሚችል ይቆማል፤ የማይችል ጣቱን ያንቀሳቅሳል። እናንተ ስትዘሉ እኛ ተረከዛችንን አንስተን እናወርዳለን። አንዳንዴ፣ ቸኮለች፣ ትንፋሽ አልሰጠቻቸውም ብሎ ይቆጣል።»

«ስለኔ ምን አለ?»

ወደ ግድግዳው አዩ። «ስላንቺ አልተናገረም። ወገቧ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ተሽሏታል አልኩት።»

ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ ቆጠርኩ። በየቁጥሩ መሃል ትንፋሽ ሰጠሁ። አራተኛውን ሳምንት፣ አምስተኛውን ሳምንት ቆርቆሮውን ሳላይ፣ ጆሮዬን ወደዚያ አድርጌ ቆጠርኩ። ድምፁ አንዳንድ ቀን ይበረታል፣ አንዳንድ ቀን ይደክማል፤ ግን አይቀርም።

በስድስተኛው ሳምንት አርብ ዕለት ቀረ። «አንድ» አልኩ፤ የለም። «ሁለት» አልኩ፤ የለም። ሠላሳ ደርሼ ሴቶቹ ቆመው እያዩኝ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፤ የለም። ስንጨርስ የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ሁለት ጥበቃዎች ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ወለሉን ያጥባሉ። ውሃው በደፉ በኩል ወደ ግቢው ወረደ፤ ሴቶቹ እንዳይረግጡት ወደ ጎን ሸሹ። በውጭው በር አንዱ ጥበቃ ለጥቁር ለባሽዋ እናት ሰሃናቸውን እንደተቋጠረ መለሰላቸው።

«ከእንግዲህ አያምጡ እናቴ» አላቸው።

እናትየው አልጮኹም። መጮኽ እንደማይፈቀድ ያውቃሉ። ሰሃኑን በደረታቸው አቅፈው ግንቡን ተደግፈው ቆዩ። ሊቀ መንበሩ ከቢሮው ወጥቶ ሴቶቹን አመሰገነ። ፕሮግራሙ በሚገባ ተጠናቋል፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደገና ከአንደኛው ሳምንት ይጀመራል አለ። ሰኞ ጀመርን። ክረምቱ እስኪገባና ዝናቡ እስኪያስቆመን ድረስ በዚያ ግቢ ቆጥሬያለሁ፤ መጋዘኑም ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ አልቆየም።

የመምህሩ እናት ዕቃውን ሊወስዱ የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እናቴ በሩን ከፈተችላቸውና መቆም አቅቷት ወደ ቤት ገባች። እኔ ቀረሁ። ልብሱን አንድ በአንድ እያሸተቱ ሲያጥፉ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«እማማ፣ ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ወረቀቱን የጻፈልኝ እሱ ነው ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

እጃቸው ሸሚዙ ላይ ቆመ።

«ከመጥራትሽ በፊት ነው የታሰረው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነው። ግን አላውቃቸውም ብሏቸው ነበር።»

«አዎ» አሉ። «እኔንም አላውቃትም ብሏቸዋል።»

ሸሚዙን አጥፈው ጨረሱ። ውሃ ጠየቁኝ፤ አመጣሁላቸው፤ ቆመው ጠጡ። ከዚያ ፍራሹን ጠቅልለን በገመድ አሰርነው፤ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን እስከ ዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ድረስ ወረድን። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍን። ሦስቱንም ጊዜ «እንሂድ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሹፌሩ ፍራሹን ጣሪያው ላይ ሲያስር ሒሳቡን ልክፈል ብል እጄን መለሱት። ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ የልብሱን ቋጠሮ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። መኪናው ሲነሳ እጃቸውን አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። ለሚቀጥለው ታክሲ የተሰለፉትን መንገድ ዘግቼ ቆሜ እንደነበር ያወቅኩት ሰው ከኋላዬ «እህት፣ እለፊ» ሲለኝ ነው።